ገብተሃል?

እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸ። ወዳጄ ነው የጻፈልኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አመሸህ የለ። አንዲት ቃል ብቻ፦ «ገብተሃል?»

ወዴት እንደሆነ አልጻፈም። መጻፍም አላስፈለገውም። ዘንድሮ «ገብተሃል?» ከተባልክ ትርጉሙ አንድ ነው። የሆነ ነገር ዋጋው እየወጣ ነው፣ ሰዉ እየተረባረበ ነው፣ አንተ ደግሞ እንደ ጅል ተኝተሃል።

ልብ በሉልኝ፣ «ገብቶሃል?» አላለኝም። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። አራዳና ፋራ የሚለያዩት ግን በዚያች ፊደል ነው። ፋራ መጀመሪያ እንዲገባው ይፈልጋል። ድርጅቱ ምን ይሠራል፣ ትርፉ ከየት ይመጣል፣ ይህን ያህል የሚያዋጣ ከሆነ ባለቤቱ ለምን ይሸጠዋል እያለ ሲጠያይቅ በሩ ይዘጋበታል። አራዳ መጀመሪያ ይገባል። የሚገባው በኋላ ነው። ሲገባው ደግሞ እስከ አጥንቱ ድረስ ነው።

ዛሬ የተነሳሁት ለእነዚህ አራዶች ምስጋና ለማቅረብ ነው። እኔም አንዱ ነኝና ምስጋናው ትንሽ ወደ ራሴ ቢያዳላ አትፍረዱብኝ።

ፈረንጆች ነገሩን ፎሞ ይሉታል፤ እንዳያመልጠኝ ብሎ መፍራት ማለት ነው። በ2004 ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ይማር የነበረው ፓትሪክ ማክጊኒስ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ጻፈበት። በ2013 ቃሉ ራሱ ኦክስፎርድ የኦንላይን መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ። (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በሽታው ሲመዘገብ የኖረው በእነሱ ቀን ነው።) እኛ ግን ከዚያ የምትሻል ቃል አለችን። «እንዳይቀርብኝ»። ፍርሃቱም፣ ልመናውም፣ ሩጫውም እሷው ውስጥ አሉ። ተቃራኒዋ «ይቅርብኝ» ናት። ይቅርብኝ በማለቱ ስሙ የተነሳ፣ ፎቶው የተለጠፈ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

እንዳይቀርብኝ ባዮችን ስግብግብ የሚሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው። እኛ ከለጋስነት በቀር የምንታወቅበት ነገር የለንም። እስቲ ረጋ ብለን እንየው። አንድ ሰው አንድን ነገር በአንድ ይገዛል። ዋጋው አሥር ሲደርስ ሀብታም ሆነ ይባላል። ገና አልሆነም። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሀብታም የሚሆነው በአሥር የሚገዛው ሰው ሲያገኝ ነው። በአንድ ሲሸጥ ማንም ዞሮ ያላየውን ነገር በአሥር የሚገዛ ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል? እኛ አለንና! በአንድ ሲሸጥ አናየውም። በሦስት ሲሸጥ እንስቅበታለን። በስድስት እንቅልፍ እናጣለን። በአሥር እንገባለን። እኛ ባንገባ ቀድመው የገቡት በየት በኩል ይወጡ ነበር?

የቆጠበውን ገንዘብ ለማያውቀው ሰው አስረክቦ፣ ምስጋና ሳይጠብቅ፣ ስሙ እንኳ እንዲጠራ የማይፈልግ ሌላ በጎ አድራጊ ካለ አሳዩኝ።

የማኅበራችን ትልቁ አባል ሰር አይዛክ ኒውተን ነው። አትሳቁ። በ1720 ኒውተን የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የሚሠራበት ተቋም የበላይ ነበር። በሳውዝ ሲ ኩባንያም አክሲዮን ነበረው። ጥር ላይ አንዱ አክሲዮን 128 ፓውንድ ገደማ ነበር። ዋጋው ሽቅብ ሲል ኒውተን ሚያዝያ አካባቢ ሸጠና ደህና ትርፍ ይዞ ወጣ። እዚያ ላይ ቢበቃው ኖሮ እኛ ስሙን የምናውቀው ከፊዚክስ መጽሐፍ ብቻ በሆነ።

ዋጋው ግን እሱን ሳያማክር መውጣቱን ቀጠለ። እስቲ በእሱ ቦታ ሁኑ። በዕውቀት ደጃችሁ የማይደርሱ ሰዎች፣ መደመርና መቀነስ የሚያቅታቸው ሰዎች፣ በየቀኑ ሀብታቸው እየጨመረ ያልፋሉ። እናንተ ደግሞ ፀሐይና ፕላኔቶቿን በቀመር አስራችሁ፣ በተዘጋ ትርፍ ላይ ቁጭ ብላችኋል። ያማል! ልብ በሉ፣ ኒውተን አልከሰረም ነበር። አትርፎ ነበር። ያመመው የሌሎቹ ትርፍ ነው። ስለዚህ ተመልሶ ገባ። ያውም ጫፉ አካባቢ፣ ያውም ጠቀም ባለ ገንዘብ። አክሲዮኑ 1000 ፓውንድ ገደማ ደረሰና ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ተነሳበት ወረደ። ወደ ላይ የተወረወረ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ ለዓለም ያስረዳው ሰውዬ ማለት ይህ ነው። የብርሃን ጠባይ ገብቶታል። የጨረቃ መንገድ ገብቶታል። የቀረው መግባት ብቻ ነበር፣ እሱንም ገባ።

እሱ ያንን ሁሉ ያደረገው ስልክ ሳይኖረው ነው። ለእኛ ስክሪንሾት አለን። የስክሪንሾት ትልቁ በረከቱ የከሰረ ሰው የማይልከው መሆኑ ነው። መቶ ሰው ገብቶ አምስቱ ቢያተርፍ ስልክህ ላይ የሚደርሰው የአምስቱ ነው። ዘጠና አምስቱ በዚያ ሳምንት ኔትወርክ የላቸውም። አንተም የአምስቱን አይተህ «ሰው ሁሉ እያተረፈ እኔ ብቻ» ትላለህ። ትክክል ነህ። የምታየው ሰው ሁሉ እያተረፈ ነው።

ሌላው ስም ማጥፋት ችኩል መባላችን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እያሉ ይተርቱብናል። እውነት ነው፣ ስንገዛ አምስት ደቂቃ አይፈጅብንም። ከዚያ በኋላ ያለንን ትዕግሥት ግን ማን ቆጠረው? የኢንተርኔት ኩባንያዎች ግርግር በደራበት በመጋቢት 2000 የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ የናስዳክ ኢንዴክስ (የአክሲዮኖቹን ዋጋ በአንድ ላይ የሚለካው ቁጥር) ከ5000 ነጥብ አለፈ። ያኔ ስሙ መጨረሻ ላይ «ዶትኮም» ያለበት ነገር ሁሉ ይሸጥ ነበር። በጥቅምት 2002 ኢንዴክሱ ከሦስት አራተኛ በላይ ዋጋውን አጥቶ መሬት ላይ ነበር። ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2015 ነው። ጫፉ ላይ የገባው ወገናችን 15 ዓመት ጠበቀ። ያውም የገዛው ድርጅት እስከዚያ በሕይወት ከቆየለት ነው። አፍሶ ለመልቀም 15 ዓመት! ይህ ሰው ችኩል ከተባለ ታጋሽ ማን ሊባል ነው?

ትዕግሥት የሌላቸውም አሉን፣ አልክድም። እነሱ ግን በለጋስነት ይክሱታል። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 አሜሪካውያን ቤተሰቦችን የአክሲዮን ሒሳብ መረመሩ። በዚያ ዘመን ገበያው በዓመት 17.9 ከመቶ አስገኝቷል። ቶሎ ቶሎ የሚገዙና የሚሸጡት፣ አንዱም እንዳያመልጣቸው ከዚህ ወደዚያ የሚዘሉት፣ 11.4 ከመቶ አገኙ። ልዩነቱን በአብዛኛው የበላው የመገበያያ ወጪ ነው። ማለትም እነዚህ ሰዎች ሥራ ሳይፈቱ፣ እየተጨነቁ፣ እንቅልፍ እያጡ፣ በየዓመቱ ካጡት ስድስት ከመቶ ተኩል አብዛኛውን ለአገናኞቻቸው ለገሱ። ተኝተው ቢያድሩ ኖሮ ይህ ልግስና አይኖርም ነበር። ወዳጄ እኩለ ሌሊት ላይ የሚቀሰቅሰኝ ለካ ለዚህ ነው።

ስለ እምነታችንም ትንሽ ልበል። በታኅሣሥ 2017 አንድ የአሜሪካ ለስላሳ መጠጥ አምራች ስሙን ቀየረ። ሎንግ አይላንድ አይስድ ቲ የነበረው ሎንግ ብሎክቼን ተባለ፤ ብሎክቼን የዲጂታል ገንዘብ የሚመዘገብበት ቴክኖሎጂ ነው። ጠርሙሱ ያው፣ ሻዩ ያው። የአክሲዮኑ ዋጋ ግን በአንድ ቀን ከእጥፍ በላይ ዘለለ። በቀጣዩ ዓመት ናስዳክ አሰናበተው። ሰው ስሙን ሲቀይር መታወቂያ የምንጠይቅ እኛ፣ ድርጅት ስሙን ሲቀይር ገንዘብ እንሰጣለን። ይህ ካልሆነ እምነት ሌላ ምን ይሆናል?

ዶጅኮይንም አለ። በ2013 ሁለት ሰዎች በሌሎቹ የዲጂታል ገንዘቦች ለመቀለድ፣ የውሻ ምስል ለጥፈው የሠሩት ነው። ቀልድ መሆኑን ደብቀው አያውቁም። በግንቦት 2021 የአንዱ ዋጋ ከ70 የአሜሪካ ሳንቲም አለፈ። ከዚያ በ2022 መጨረሻ ከ10 ሳንቲም በታች ነበር። ቀልዱ የገባቸው ሳቁ። ያልገባቸው ገቡ።

በዕቃ ግዢም ቢሆን የምንታማ አይደለንም። በ1975 ስቲቨን ዎርቼልና ባልደረቦቹ ለሰዎች ብስኩት አቀረቡ። ለግማሹ አሥር ብስኩት ከያዘ ማሰሮ፣ ለግማሹ ሁለት ብቻ ከያዘ። ብስኩቱ አንድ ዓይነት ነው። ከሁለቱ የደረሳቸው ግን የበለጠ ተፈላጊ አድርገው ገመቱት። ይህን ያወቀ ነጋዴ ዛሬ ዕቃውን አያሻሽልም፣ ማሰሮውን ያጎድላል። «2 ብቻ ቀርቷል!» «አሁን 37 ሰዎች እያዩት ነው!» የሚያዩት 37 ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሁሌ ይገርመኛል። ምናልባት እነሱም «37 ሰዎች እያዩት ነው» የሚለውን እያዩ ነው።

እኔ በዚህ መንገድ ጫማ ገዝቻለሁ። ገጹ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ 9 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቀርቶታል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈልኩ። አራት ሰከንድ ሲቀር ጨረስኩ። እንደዚያ ቀን አሸናፊነት ተሰምቶኝ አያውቅም። በማግስቱ ለማድነቅ ያህል ገጹን ከፈትኩት። ሰዓቱ እንደገና ከ10 ደቂቃ ጀምሮ እየቆጠረ ነው። የፕሪንስተን ተመራማሪዎች በ2019 ወደ 11,000 የሚጠጉ የመሸጫ ድረ ገጾችን ፈትሸው፣ ቆጥሮ ሲጨርስ ምንም የማይፈጠር ሰዓት በአንዳንዶቹ ላይ እንዳገኙ ጽፈዋል። ምንም የማይፈጠር? ጫማው ተሽጧል እኮ! ጠበበኝ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁጥሬን ለመምረጥ ጊዜ አልነበረኝም።

ከሁሉ የረቀቁት ግን ሰዓት የማይቆጥሩት ናቸው። የሰው ገንዘብ ተቀብሎ አተርፋለሁ ይል የነበረው አሜሪካዊው በርናርድ ማዶፍ ኑ ግቡ ብሎ አልጮኸም። እንዲያውም አንዳንዱን ሰው አልቀበልም ይል ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ሲታይ ባለጸጎች አማላጅ እየላኩ፣ ባንኮች ሳይቀሩ፣ ለመግባት ተጋፉ። አንድ ዓመት እንኳ ከስሮ የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ምን ላይ እንደሚያውለው መጠየቅ ነውር ነበር። በታኅሣሥ 2008 በማጭበርበር ሲያዝ፣ የገቡት በሒሳብ መግለጫቸው ላይ በድምሩ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ነበራቸው። መግለጫው ላይ። እምቢ የተባሉት ያን ቀን ምን ተሰምቷቸው ይሆን? ለዓመታት «ቀረብኝ» ሲሉ ኖረው በአንድ ጠዋት ዕድለኛ መሆን ግራ ያጋባል።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ያን ሌሊት «ገብተሃል?» ሲለኝ «አሁን እየገባሁ ነው» ብዬ መለስኩለት። ገባሁም። ሰኞ ትንሽ ወጣ። ማክሰኞ ስክሪንሾት ላክሁ፣ አዎ እኔም። ሐሙስ ወረደ። ዓርብ ጭራሽ ተንከባለለ። ወዳጄ ሦስት ቀን ድምፁ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ደወልኩለት።

«አንተስ እንዴት ሆንክ?» አልኩት።

«እኔማ ወጥቻለሁ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። አንተ ስክሪንሾት ስትልክልኝ፣ በቃ ጫፍ ደርሷል አልኩ።»

አልተቀየምኩትም። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ልግስናዬ ለማላውቀው ሰው ሳይሆን ለወዳጄ መድረሱ አንድ ነገር ነው።

ትናንት ማታ ደግሞ ጻፈልኝ። አዲስ ነገር አለ። ስሙን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ልይዘው አልቻልኩም። በሩ እሑድ ይዘጋል ይላል። ከሥሩ ጥያቄ አለ፦ «ገብቶሃል?»

ፊደል ሳተ ወይስ ከልቡ ነው የጠየቀኝ፣ አላጣራሁም።

«አዎ፣ አሁን ገባሁ» ብዬ መለስኩለት።