ዕቃ የሚንሸራተተው ኮፈኑ ሲጎድል ነው

የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ አንቀጽ 22 ስለ ጭነት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ወይም መሪውን ቢጠመዝዝ እንኳ ጭነቱ እንዳይንሸራተት፣ እንዳይገለበጥ፣ ወዲያ ወዲህ እንዳይንከባለል፣ እንዳይወድቅ፣ ሊቀር የሚችል ጩኸትም እንዳያሰማ ሆኖ መጫን አለበት። የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ጩኸት! እዚህ እኔ በምኖርበት ጀርመን፣ የመኪና የኋላ ኮፈን (ዕቃ መጫኛው) ውስጥ የሚንኳኳ ነገር የሕግ ጉዳይ ነው።

ደንቡ ለከባድ መኪና ብቻ የወጣ እንዳይመስላችሁ። የቤት መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ የተቀመጠ የጠርሙስ ሳጥንም ጭነት ነው። ከኋላ የተጫነ ውሻም የሚታየው በዚሁ ዓይን ነው። ውሻው ካልታሰረ ወይም ማጓጓዣ ሳጥን ውስጥ ካልገባ ፖሊስ ሊያስቆምና ሊቀጣ ይችላል።

እስቲ ይህን ለአንድ የአዲስ አበባ ሾፌር ንገሩት። ኮፈኑ የማይንኳኳ መኪና አለ እንዴ? ክሪኩ ይንኳኳል። የጎማ መፍቻው ይንኳኳል። ግማሽ ዘይት የቀረበት ጠርሙስ ይንከባለላል። የለመደ ሾፌር ድምፁን ሁሉ ለይቶ ያውቀዋል። ጉድጓድ ላይ «ቋ» ያለው ክሪኩ፣ ኩርባ ላይ «ሿ» ያለው ጀሪካኑ መሆኑን ዞር ሳይል ይነግራችኋል። መኪናውን ዳር አስይዞ የሚወርደው የማያውቀው ድምፅ ሲመጣ ብቻ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ዕቃ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ» የሚል ስሞታ አዘውትሬ የምሰማው እዚሁ፣ ሕጉ ባለበት አገር ነው። መሣሪያውም እንደ ጉድ ነው። የላስቲክ ምንጣፍ አለ። መረብ አለ። የሚታጠፍ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ወለሉ ላይ የሚጣበቅ መከፋፈያ አለ። ጥርስ ባለው መቆለፊያ የሚወጠር ቀበቶ አለ። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ኮፈናቸው ውስጥ ማሰሪያ ቀለበት ተገጥሞላቸው ነው የሚመጡት። ብዙው ሰው ቀለበቱ መኖሩንም አያውቅም። አገር ቤት ይህ ሁሉ እምብዛም አይታይም። ቢሆንም ቅዳሜ ዕቃ ጭኖ ክፍለ ሀገር የሚወጣ ሰው «ተንሸራተተብኝ» ሲል አልሰማሁም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የእዚህ ሰው ኮፈን ባዶ ነው። አንድ ሰው ብቻውን መኪና ይዞ ይወጣል። የሳምንት አስቤዛውን በሁለት ከረጢት ይገዛል። ያንን ይዞ ሰፊ ኮፈን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከሥር ልሙጥ ምንጣፍ፣ ዙሪያውን ባዶ ቦታ። ታዲያ ከመኪና ማቆሚያው ወጥቶ የመጀመሪያውን አደባባይ ሲዞር ከረጢቱ ይወድቃል፣ ሽንኩርቱ ይበተናል። ቅዳሜ ደግሞ ባዶ ጠርሙሱን ሰብስቦ ሊመልስ ይሄዳል፤ እዚህ ጠርሙስ ሲመለስ የተያዘው ገንዘብ ይመለሳል። ያ ሳጥን መንገዱን ሙሉ እየዘመረ ነው የሚደርሰው።

አገር ቤት መኪና ባዶውን አይሄድም። ደብረ ብርሃን ልትሄዱ መሆኑ ከተሰማ አለቀ። ጎረቤት ለእናቷ የምትልከው ዕቃ አላት። የጎረቤት ጎረቤትም አላት። ብርድ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ዘይት፣ በማዳበሪያ የታሰረ አንድ ነገር። ያችው የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ይህን ሁሉ ትውጠዋለች። ሲዘጋ አንድ ሰው ኮፈኑ ላይ ይቀመጥበታል። በዚህ ሁኔታ ምን ይንሸራተታል? መንሸራተቻ ቦታ የት አለና?

ጭነቱ ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም። መናኸሪያ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጥተው የሚጭኑትን ልጆች ቆማችሁ እዩአቸው። ከባዱን ከሥር ያደርጋሉ። ጠንካራውን ከጠንካራ ጋር ያጋጥማሉ። ክፍተት ሲያገኙ ለስላሳውን ይሰኩበታል፣ ፍራሽም ቢሆን፣ የልብስ ከረጢትም ቢሆን። ይኸው ነገር እዚህ አገር የከባድ መኪና ሾፌሮች በክፍል ተቀምጠው የሚማሩት ነው። ጭነት የሚያዘው በሁለት መንገድ ነው ይሏቸዋል። አንዱ ዕቃውን ከግድግዳና ከሌላ ዕቃ ጋር አጋጥሞ መንቀሳቀሻ ማሳጣት ነው። ሌላው በገመድ ወይም በቀበቶ ወደ ወለሉ መጫን ነው። የእኛዎቹ ሁለቱንም ያለ ክፍል ያውቁታል። ሰርተፍኬት የሚሰጣቸው ስለሌለ ነው እንጂ።

ስለዚህ እዚህ ላላችሁ ወገኖች የመጀመሪያው ምክሬ ምንም ሳትገዙ የሚሆን ነው። ዕቃውን ኮፈኑ መሃል አታስቀምጡት። እስከ ወንበሩ መደገፊያ ድረስ ግፉት። ከባዱ ወደ ወንበሩ ተጠግቶ ከሥር ይሁን። የቀረውን ክፍተት በአሮጌ ብርድ ልብስ ሙሉት። ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከፊት ወንበር ኋላ፣ እግር ማሳረፊያው ላይ አስቀምጡት። ከመኪናው ሁሉ እንደዚያ ጠበብ ብሎ የሚይዝ ቦታ የለም።

መንገዱ ራሱም ይለያያል። እዚህ አስፋልቱ ልሙጥ ነው። ዕቃ ወደ ላይ አይዘልም። የሚሄደው ወደ ጎንና ወደፊት ነው፤ ከአውቶባን (ከፈጣን መንገዱ) መውጫው ላይ ስትጠማዘዙ፣ ቀይ መብራት ደርሳችሁ ፍሬን ስትይዙ። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ከሥር የሚይዝለት ነገር ፈልጎ የላስቲክ ምንጣፍ ያነጥፋል። አገር ቤት ግን ዕቃው መጀመሪያ ይዘላል፣ ከዚያ ነው የሚንሸራተተው። ኮብልስቶን አለ፣ ፒስታ አለ፣ ሳይታሰብ የሚመጣ ጉብታ አለ። እዚያ የሚያስፈልገው ከላይ የሚጫን ነገር፣ ማለትም ገመድ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ። የላስቲክ ምንጣፍ የሚይዘው የዕቃው ክብደት ሲጫነው ነው። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ዕቃው ለቅጽበት ከወለሉ ይነሳል። በዚያች ቅጽበት ምንጣፉ የሚይዘው ነገር የለም። ዕቃው ሲመለስ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ምንጣፉ አቧራ ሲለብስ ደግሞ ጭራሽ መያዙን ይተዋል። ፒስታ ላይ ለሚውል ዘመድ የላስቲክ ምንጣፍ በስጦታ የምትወስዱ ካላችሁ ሻንጣችሁን አታጣቡ።

ምንጣፉ እዚህም ብቻውን አይበቃም። በአውሮፓ የጭነት ስሌት፣ ኃይለኛ ፍሬን ሲያዝ ዕቃው ወደፊት የሚገፋው በክብደቱ 80 በመቶ ነው ተብሎ ይታሰባል። ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ በክብደቱ ግማሽ። ጥሩ የላስቲክ ምንጣፍ የሚይዘው የክብደቱን 60 በመቶ ያህል ነው። ለኩርባ በቂ ነው። ለፍሬን ግን ይጎድለዋል። የጎደለውን የሚሞላው ከፊት ያለው መደገፊያ ነው። ለዚህ ነው ወደ ወንበሩ ግፉት የምለው።

ይህ ፍሬን ሲያዝ ነው። ግጭት ሲመጣ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ያልታሰረ ዕቃ በክብደቱ 20 እጥፍ ያህል ወደፊት ይመጣል። 5 ኪሎ የነበረው ነገር 100 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። አንድ ኩንታል። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ አራት ኩንታል ሆኖ ወንበራችሁን ይመታዋል።

የእኛ ነገር እዚህ ላይ ይደክማል። አገር ቤት ዕቃ የሚይዘው ገመድ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ይይዛል። «እስቲ እቺን ያዢልኝ» ይባላል። ቴሌቪዥኑን አንድ ልጅ አቅፎት ይቀመጣል። ድስቱ በአክስት እግሮች መካከል ይሆናል። ፒክአፕ ላይ ደግሞ ሶፋው እንዳይወድቅ ሁለት ጎረምሶች ይቀመጡበታል። ደስ የሚል ነገር አለው፣ አልክድም። ዕቃው ባለቤት አለው፣ ሰው ዓይኑን ጥሎበታል። እዚህ አገር ማንም ለማንም ድስት አይዝም። ግን አንድ ኩንታል የሆነን ድስት የሚያቆም ክንድ የለም። ያቀፈው ልጅም ራሱ ካልታሰረ አብሮ ነው የሚሄደው።

ጀርመን ያለነው ሐበሾች ደግሞ የሁለቱም ዓለም ጣጣ አለብን። ከሌላ ከተማ ክርስትና ወይም ሰርግ ተጠርተን ስንሄድ ኮፈናችን ውስጥ ያለው የጠርሙስ ሳጥን አይደለም። ዶሮ ወጥ ነው። ያውም ትልቅ ድስት፣ ክዳኑ በፎጣ ተቋጥሮ። ከፍተኛ ፍጥነት ያልተወሰነለት መንገድ ላይ ዶሮ ወጥ ጭኖ መሄድ የራሱ ሙያ ይጠይቃል። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚለው የመንግሥት ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ነው። እኔ ወጥ ስጭን ምክሩን አክብሬ ከዚያም በታች ነው የምነዳው። ድስቱን የሚታጠፈው ሳጥን ውስጥ አስገባለሁ፣ ዙሪያውን በፎጣ እጠቀጥቃለሁ፣ ከፊት ወንበር ኋላ መሬት ላይ አስቀምጣለሁ። አብረውኝ የሚሄዱት ሴቶች ግን አያምኑኝም። አንዷ እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ነው የምትደርሰው።

በግም አለ። የበዓል ዋዜማ አዲስ አበባ ውስጥ ኮፈን የሚከፈተው ለበግ ነው። እግሩ ይታሰራል፣ ካርቶን ይነጠፍለታል፣ ኮፈኑ ትንሽ ገርበብ ብሎ በገመድ ይያዛል። ይህን ለአንድ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ በጉ ስሜት ነበር። ቀጥሎ ግን «ገመዱን የምታስሩት ከምን ጋር ነው?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ኮፈን ገርበብ ካለ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዘመድ ሊቀበላችሁ በትንሽ መኪና ሲመጣ ሻንጣው ኮፈኑን አላዘጋ ይላል። ይከፈትና በሲባጎ ይታሰራል። ብዙ ሰው የሚፈራው ሻንጣው እንዳይወድቅ ነው። የማይታየው ጭሱ ነው። ኮፈን ተከፍቶ ሲነዳ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታ የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ ይገባል። ቢያንስ የፊት መስኮቶች ይከፈቱ። እዚህ ጀርመን ደግሞ ከኋላ ከአንድ ሜትር በላይ የወጣ ዕቃ ቀይ ባንዲራ ወይም ቀይ ሰሌዳ ካልተንጠለጠለበት ያስቀጣል። የእኛም ሰው ቀይ ጨርቅ ካገኘ ያስራል። ካላገኘ ቅጠል ይሰካል። አይነቅፉትም፣ ከምንም ይሻላል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አገር ቤት መንገዱ ራሱ ፍጥነት ይቀንስልን ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ማንም አይበርም። አሁን ግን ፈጣን መንገድ መጥቷል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ያስበራል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የሚጫነው ግን አሁንም እንደ ፒስታው ዘመን ነው። ከላይ በደንብ ይታሰራል፣ ከፊት ማንም ምንም አይደግፍም። ቪትዝ ውስጥ የኋላ መስኮቱ ሥር ባለችው መደርደሪያ ላይ ጃንጥላ፣ የውሃ ጠርሙስና መጽሐፍ ተደርድሮ እያየሁ ነው የምናገረው። ያ ሁሉ የሚያነጣጥረው የፊተኞቹን ማጅራት ነው።

ለአጎቴ ይህን ብነግራቸው ሳቁ። «ምን ይሆናል ብለህ ነው? እኔ ስነዳ አንተ አልተወለድክም» አሉኝ። ከኋላ ሰው ካልተቀመጠ ባዶውን የወንበር ቀበቶ እንዲቆልፉት ለመንኳቸው። መደገፊያውን ያጠነክረዋል፣ ኮፈን ውስጥ ያለው ሲመጣ ቶሎ አይሰበርም። እሱን እሺ አሉ። ጥርስ ያላቸው መወጠሪያ ቀበቶዎችም ይዤላቸው ሄጄ ነበር። በጣም ወደዷቸው። መቆለፊያውን ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉ አመሹና «ይሄማ ለኮፈን አይባክንም» አሉ። አሁን የውሃ ታንከሩ ከማማው ጋር የታሰረው በእነሱ ነው። ጀሪካኑን የያዘው ሲባጎ ነው። ቋጠሮውን ጎትቼ አይቼዋለሁ። ቀበቶው ከእሱ አይበልጥም።