ለማዳው ማሽን

ቅዳሜ ዕለት ኮዬ ፈጬ፣ የባቢ እናት ቤት ከባለቤቴ ጋር ቡና ተጠራን። አራተኛ ፎቅ ነው። ትንፋሼን እስክሰበስብ «ኧረ ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ!» ብላ ሶፋው ጥግ አስቀመጠችኝ። ክንዴን ያሳረፍኩበት ነገር ዳንቴል ለብሷል፤ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባና የባቢ የምረቃ ፎቶ ተደርድሯል። ቡፌ መስሎኝ ነበር። አቦሉ ሲቀዳ ቡፌው አጓራ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው! የፈረቃው ውሃ ስለመጣ ሞልታ ለቃዋለች። ጭመቃው ላይ ሲደርስ እየተንፏቀቀ ወደ ጉልበቴ መጣ፣ አበባው ረከቦቱ ላይ ወደቀ። «አይዞህ፣ ለማዳ ነው» አለችኝ፣ ውሻ ይመስል።

እሷ ላይ አልፈርድም። ማድ ቤቷ ያለው ባዶ ጥግ አንድ ነው። የማሽኑ ወርድ 60 ሳንቲም፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱም እዚያው ገደማ። እንጀራና ካልሲ ለአንድ ጥግ ቢፎካከሩ ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል። ሻወር ቤት እንዳይገባ ደግሞ በሩ ወደ ውስጥ ተከፍቶ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ይገጫል። የእኔም ቤት እንደዚሁ ነው። ያንን በር የነደፈውን መሐንዲስ አንድ ቀን ባገኘው፣ እዚያው አስገብቼ «በል ዝጋው» ነው የምለው።

እንግሊዞች ማድ ቤት፣ ከመደርደሪያ ሥር ይወሽቁታል፤ መታጠቢያ ቤት ገንዳ አጠገብ ሶኬት ደንባቸው አይፈቅድም። ፈረንሳዮች ብዙ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ያስገቡታል። ስዊድን አፓርታማ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የጋራ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ ነዋሪው ሰዓት አስይዞ ያጥባል። እነሱ ጋ ማሽኑ በተራ ነው። እኛ ጋ ማሽኑ የግል፣ ውሃው በተራ።

የጋራ ቤትስ እኛም ነበረን እኮ! ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ አብሮ የተሠራ ነው። የእኛ ሰፈሩን ኮሚቴው ለሲሚንቶ መጋዘን አከራየው። በጉ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ደረጃ ላይ ይታረዳል፣ ደሙን በጫማችን ይዘን እንወጣለን። ሦስት ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ፤ ሦስቴም «በአጀንዳ ይያዝ» ተባልኩ። አያቴ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ትል ነበር፤ ስብሰባ በሄድኩ ቁጥር ትዝ ትለኛለች። ማሽን እንኳ ውሃ ሲወቅጥ ውሎ ንጹሕ ካልሲ ያወጣል። የኪራዩን ሒሳብ ያየ ሰው ካለ እባካችሁ አሳዩኝ!

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ የባቢ እናት ማሽን። ቆሻሻ ውሃ ማስወጫ ቱቦው ኮሪደሩን አቋርጦ ሄዶ በነጠላ ቅዳጅ እጅ መታጠቢያው ላይ ታስሯል። ቶናው ላይ አመለጠና ጫማዬን አረፋ አለበሰው። በረካውን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ማታ ባለቤቴ ሜትር አውጥታ ሳሎናችንን ስትለካ አገኘኋት። 60 ሳንቲም የተገኘው የእኔ ወንበር ያለበት ቦታ ብቻ ነው።