«ቁርጥ ያለ መልስ የለውም» ተብሎ የተሰረዘው ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከምትማርበት ትምህርት ቤት ለወላጆች አንድ ገጽ ደብዳቤ ተላከ። በየዓመቱ በክፍሎች መካከል በሚካሄደው የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ይቀርቡ የነበሩት የሥዕል፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የሙዚቃና የፍልስፍና ጥያቄዎች ከዘንድሮ ጀምሮ መሰረዛቸውን፣ ቦታቸውንም ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ መውሰዳቸውን ያስታውቃል። የተሰጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ጥያቄዎቹ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ አይመጡም፣ መልሳቸው ከስልክ ላይ በቀላሉ ይገኛል፣ ደግሞም «ቁርጥ ያለ መልስ ስለሌላቸው ለዳኝነት ያስቸግራሉ»።

የመጀመሪያው ምክንያት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ እንቅልፍ ያላጣ ርእሰ መምህር የለም። ነገር ግን ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ለፈተናው ሲያጠኑ ከርመው፣ በዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ አንድ ሥዕል ወይም ስለ አንድ ዜማ ቢጠየቁ ከየትኛው ውጤታቸው ላይ እንደሚቀነስ ደብዳቤው አይነግረንም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና እይታ ጥበባት» የሚል መጽሐፍ ለልጆች አስይዘን ስናበቃ፣ የተማሩትን የሚጠየቁበትን አንዲት መድረክ መዝጋት ምን ይሉታል?

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። መልሱ ስልክ ላይ በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ ቁርጥ ያለ መልስ አለው ማለት ነው፤ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው ደግሞ ስልኩ የሚሰጠው ምንድን ነው? ደግሞስ ስልኩ የኒውተንን ሕግ አያውቅም? ታዲያ ፊዚክስ ለምን አልተሰረዘም? ሁለቱን ምክንያቶች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማኅተም ያሳረፈበት ሰው ደብዳቤውን መልሶ አላነበበውም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣኝ ግን ይህ ሦስተኛው ነው። ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው ነገር አይዳኝም ብሎ የጻፈ ሰው በቅኔ ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም ለማለት እደፍራለሁ። እዚህ አገር ሥነ ጽሑፍ፣ ዜማና ፍልስፍና ሲፈተኑ የኖሩት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣና በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ አድርጎ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቅኔውን ብቻውን ጥግ ይዞ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርብና ይነግራል። መምህሩ ደግሞ ቃሉ ከዜማው ልክ ጋር መግጠሙን፣ ቤቱ መምታቱን፣ ግሡ በወጉ መርባቱን፣ ከሁሉ በላይ ሰሙ ወርቁን መሸከም መቻሉን እዚያው በጆሮው ይመረምራል። የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ የመጣ ተማሪ ባዶ እጁን እንደመጣ ይቆጠራል፤ የሚፈለገው ትናንት ያልነበረ ቅኔ ነውና። ለዚያ ፈተና አስቀድሞ የተዘጋጀ የመልስ ወረቀት የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ዳኝነቱ ግን ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አጎቴ በልጅነቱ ቅኔ ተምሯል፤ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ እንኳ መምህሩ አንድ ማለዳ «ቤቱን መታህ፣ ወርቁ ግን የለም» ብለው የመለሱበትን ጉባኤ ቃና ሲያነሣ ፊቱ ይለዋወጣል። ያ መልስ ትክክል እንደነበረ የሚጠራጠርበት አንድም ቀን አላየሁም።

ዜማውም እንዲሁ ነው። ድጓ የሚባለውን የዜማ መጽሐፍ የተማረ ሰው ዕውቀቱን ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪ ወደ ዙር አምባ የሚወጣው «ቅዱስ ያሬድ ስንት ዜማዎችን ደረሰ» ተብሎ ሊጠየቅ አይደለም። ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ከአፉ ሊያሰማ፣ ምልክቱ ባለበት ቦታ ድምፁ መታጠፉንና አለመታጠፉን መምህሩ ሊሰሙት ነው። ይህን የመሰለ የምዘና ወግ ያለው ሕዝብ ልጆች «ጥበብ ለዳኝነት ያስቸግራል» ሲባሉ ዝም ብሎ መስማት አይሆንልኝም።

አንድ ነገር አምናለሁ፤ የቀድሞዎቹ ጥያቄዎች መጥፎዎች ነበሩ። አምና አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ሰምቻቸዋለሁ። «አራቱን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ጥቀሱ» ተባለና የእህቴ ልጅ ደወሉን ተጭና «ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ» ብላ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ማታ ቤት ስንገባ ክራሬን ከግድግዳው አውርጄ በአምባሰል ቃኘሁና ጥቂት መታሁላት። የትኛው ነው ስላት ጣሪያ ጣሪያውን አየችና «ትዝታ?» አለችኝ። በባቲ ቃኘሁት፤ አሁንም «ትዝታ» አለች። አንቺሆዬ ላይ ጭራሽ ዝም አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ልጅቷ ሙሉ ነጥብ ያገኘችው ስማቸውን ስለምታውቅ እንጂ እነሱን ስለምታውቅ አልነበረም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እራት ከበላን በኋላ አንድ አንድ ቅኝት እየመታሁ አሰማት ጀመር። ሦስት ሳምንት ያህል እንደቆየን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ሲዘፍን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ባቲ ነው» አለችኝ። ባቲ ነበር። እስቲ ይህ ቁርጥ ያለ መልስ ካልሆነ ቁርጥ ያለ መልስ የሚባለው ምንድን ነው? ለዳኝነት የሚያስፈልገው ቅኝት የሚለይ አንድ ሰውና አንድ ክራር ብቻ ነው።

የፍልስፍናው ጥያቄም የከሸፈው በዚሁ መንገድ ነው። አምና «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን የጻፈው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ከአራት ምርጫዎች ጋር ቀርቦ ነበር። መልሱ በርእሱ ላይ ተጽፎ ይነበባል። ቁም ነገሩ ግን ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 ሐተታው የጣሊያናዊው ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ምሁራን እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ፕሮፌሰር ክላውድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊው ፈላስፋ የዘርዓ ያዕቆብ ሥራ መሆኑን ተሟግተው የጻፉበት ጉዳይ መሆኑ ነው። እኔ ከሳምነር ጋር ነኝ። ልጆቹ ከማንም ጋር ቢሆኑ ግድ የለኝም፤ ሐተታው ውስጥ ዋሻ ገብቶ የተቀመጠው ሰው ያነሣውን ጥያቄ ግን ሊሰሙት ይገባል፤ እያንዳንዱ ሃይማኖት «የእኔ ነው እውነተኛው» ካለ በመካከል የሚፈርደው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስጡትና ሦስት ደቂቃ ያስረዳ። ያሰበውን ካላሰበው ለመለየት የሚቸገር መምህር ካለ ችግሩ ከጥያቄው አይደለም። በፈረንሳይ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ላይ ተማሪዎች በፍልስፍና ጥያቄ ላይ አራት ሰዓት ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ መምህራንም አንብበው ውጤት ይሰጣሉ። የእኛዎቹ መምህራን ከእነሱ በምን ያንሳሉ?

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ የማቀርበው ጥያቄዎቹ እንደነበሩ ይመለሱ የሚል አቤቱታ አይደለም። ሥዕል እየታየ፣ ዜማ እየተሰማ፣ አንቀጽ እየተነበበ ይጠየቅ ነው የምለው። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ ይቅር። የሦስቱን ክፍሎች ፎቶግራፍ ተራቸውን አዛብቶ ለልጆቹ ማሳየት፣ ከዚያም የአፍሪካን ትናንት የያዘው የትኛው፣ ነገዋንስ የያዘው የትኛው እንደሆነ፣ ይህንንም ከቀለሙና ከሰዎቹ አቋቋም በምን እንደለዩት መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሦስት ወረቀት ነው። ከሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ገጽ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ ተናጋሪው በዛብህ ይሁን ጉዱ ካሣ ከአነጋገሩ እንዲለዩት ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ደግሞ መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ባለፈው ወር ሄጄ አይቸዋለሁ፤ አቧራ ለብሷል።

የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ደብዳቤውን ይዤ እሄዳለሁ፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ክራሩን ትይዛለች።