አቼቶ እብነ በረድ ላይ? እባካችሁ ተዉ

ስለ እብነ በረድ ወለል አጸዳድ የወጣው ጽሑፍ በአብዛኛው ጥሩ ነው፤ «ነጩን ቅሪት በአቼቶ ወይም በሎሚ አስለቅቁት» የሚለው ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ይበላዋል። እኛ ድሬዳዋ ውሃችን ካልሲየም ስለሚበዛበት (ማንቆርቆሪያችሁን ከውስጥ እዩት) ወለሉ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይቀርበታል። እናቴ ያንን ለማስለቀቅ ከዚራ ባለው ቤታችን ሳሎኑን በአቼቶ ወለወለችው። ነጩ ለቀቀ። በማግስቱ የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ግን መወልወያው ያለፈበት መስመር ሁሉ ደብዝዞ፣ በእጅ ሲዳሰስም ይሻክር ነበር። ያ እድፍ አይደለም፣ የድንጋዩ ፊት ራሱ ተበልቷል፤ በባለሙያ እንደገና ካልተሞረደ አይመለስም። እስካሁን ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሲለር (ድንጋዩ ፈሳሽ ቶሎ እንዳይጠጣ የሚቀባ መከላከያ) ቀብተናል ብላችሁም አትዘናጉ። ሲለር ዘይትና ቡና ቶሎ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያዘገያል እንጂ አሲድን አያቆምም። መሥራቱን ለማወቅ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ድንጋዩ ከጠቆረ ውሃውን ጠጥቷል፣ እንደገና ይቀባ። ግራናይት ያላችሁ ሎሚው ብዙም አያሳስባችሁም።

ሌላው አሸዋ ነው። ከደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ የሚያመጣው አሸዋ ከእብነ በረድ ይጠነክራል፣ በጫማ ሲረገጥ ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በለስላሳ መጥረጊያ በደረቁ ጥረጉ፣ ከዚያ በውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ወልውሉ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። ውሃው ወለሉ ላይ ካልደረቀ ነጩም አይመጣም።