ከአርባ በኋላ ሁሉም ኢንጅነር ነው

ወንድ ልጅ አርባን ሲሻገር ጉልበቱ ይጠፋል የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን ነው፣ ጉልበት የትም አይሄድም፣ ከክንድ ተነስቶ አፍ ላይ ነው የሚሰፍረው። ማስረጃ ካስፈለገ ክረምት ሊገባ ሲል እሁድ ጠዋት እኛ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ ብቅ በሉ። ጎርፍ ቤት እንዳይገባ ቦይ እንቆፍር ይባልና ወጣቱ በሸበጥ፣ አባወራው ደግሞ ወገቡን በፎጣ ጠፍሮ ይወጣል።

አፈራችን ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ማስቲካ አካፋው ላይ ተለጥፎ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። አባወራው ሶስት አራቴ በዶማ መታ መታ ያደርግና ቀና ሲል ትንፋሹ የለም፣ እጁ ወገቡ ላይ ነው፣ ደከመኝ እንዳይል ደግሞ ነውር ነው፣ ስለዚህ አንድ አይኑን ጨፍኖ ቦዩን ያያል፣ "ቆይ ቆይ፣ ይሄ ቁልቁለቱ ልክ ነው እንዴ?" በቃ ስራ ቆመ። ይቺን ቃል ሲጠብቅ የነበረ እኩያው ዶማውን ተደግፎ "እኔ እኮ ገና ስንጀምር ብያለሁ!" ውሃ ልክ ይምጣ ይባላል፣ ውሃ ልክ ያለው ሰውዬ ጋር ይደወላል፣ እግዜር ይስጠውና ስልክ አያነሳም።

አንዱ ልጅ አዝኖ "ጋሼ እርስዎ ትንሽ ይረፉ" ካለማ አለቀለት። "ማነው የሚያርፈው? እኔ ባንተ እድሜ ሲሚንቶ ሁለት ሁለት ነበር የምሸከመው!" አንዱ 50 ኪሎ ነው፣ ሁለቱ ሙሉ ኩንታል መሆኑ ነው (አምና ሲያወራ አንድ ነበር)። ይሄን ሲል ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ መቼ እንደተቀመጠ ማንም አላየም።

ሀኪሞች ከ30 አመት በኋላ ጡንቻ በየ10 አመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፣ መድሃኒቱም ከበድ ያለ ነገር ማንሳት ነው ይላሉ። ይሄንን ለጎረቤቴ ብነግረው ደስ አለው፣ "እንደዛ ከሆነ ጂም እመዘገባለሁ" አለኝ፣ ዶማውን ለልጁ እያቀበለ።

ማታ ሚስቱ ወገቡን በቅባት ስታሸው ደግሞ "ልጆቹን ዛሬ አሰራኋቸው" ይላታል። እሷም አዋቂ ናት፣ ዝም ብላ ታሻለች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የፎቶው ሰአት ነው። ቦዩ አለቀ፣ ለሰፈሩ ቴሌግራም ፎቶ ይነሳ ሲባል አባወራ ሁሉ ዶማ ለመያዝ ይጋፋል፣ ቆፋሪዎቹ ፎቶ አንሺ ይሆናሉ። ባለፈው አንዱ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ስልክ የያዘው ልጅ በትህትና ጠጋ አለና "ጋሼ፣ ዶማውን ገልብጠው ነው እኮ የያዙት።"