አረም አጥማጆቻችን ኑሩልን

ዓሣማ ማንም ያጠምዳል። አረም ማጥመድ ነው እንጂ ሙያ!

ስለዚህ የዛሬው ምስጋናዬ ባስ የሚባለውን ዓሣ ፍለጋ ወጥተው አንድ ክንድ እርጥብ አረም ጎትተው ለሚመለሱት ጀግኖች ይሁንልኝ። ልፋታቸውን የሚያይላቸው ሰው የለም። ሁሉም የሚያጨበጭበው ዓሣ አቅፎ ፎቶ ለተነሳው ነው። እነሱ ግን አረሙን ከመንጠቆው ላይ አንድ በአንድ ይለቅማሉ፣ ያጉተመትማሉ፣ እዚያው ቦታ መልሰው ይወረውራሉ፣ ያንኑ አረም መልሰው ያወጣሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ። ጽናት ከተባለ አይቀር እንዲህ ነው።

መሣሪያቸው ግራብ ይባላል። ለማያውቀው ሰው፣ ግራብ ጣት የሚያክል ለስላሳ የፕላስቲክ ማጥመጃ ነው። አብዛኛው ከ8 እስከ 13 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ገላው ደንደን ያለና ቀለበት ቀለበት የወጣለት ነው፤ ጭራው ደግሞ ስስና የተጠማዘዘ፣ ቀስ ብለው ሲስቡት እንኳ ውሃ ውስጥ የሚርገበገብ። ምርጥ ነገር ነው። ጀግናችን ይህን ምርጥ ነገር እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት የተሠራ ክብ ራስ ያለው መንጠቆ ላይ ይሰካውና፣ የመንጠቆው ጫፍ ከግራቡ ጀርባ ላይ እንደፈጠጠ፣ አረሙ ጥቅጥቅ ካለበት መሃል ይለቀዋል።

ኢላማውን እንዳትንቁ። ትልቅ አፉ ባስ አድብቶ የሚበላ ዓሣ ነው። አረም ውስጥ ተሸጉጦ ይጠብቃል፣ ትንሽ ዓሣ ሲያልፍ አፉን ድንገት ይከፍትና ከነውሃው ይስበዋል። ያልጣመውን ደግሞ ወዲያው ይተፋል። ስለዚህ ጀግናችን የዓሣውን አድራሻ አልሳተም። መግቢያውን ብቻ ነው ያላወቀው።

ፈሪ ግን የትም አይጠፋም። መንጠቆ ሲያዩ የሚደብቁ ሰዎች አሉ! ምን እንደሚያደርጉ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ፈሪው መጀመሪያ የጥይት ቅርጽ ያላትን ትንሽ እርሳስ፣ ሹሉ ጎኗን ወደ ማጥመጃው ዘንግ አድርጎ፣ ክሩ ውስጥ ያስገባል። ቀጥሎ ክር የሚታሰርበት ቀዳዳው አጠገብ ሁለት ጊዜ የታጠፈ አንገት ያለው ሰፊ መንጠቆ ያስራል። የመንጠቆውን ጫፍ በግራቡ አፍንጫ መሃል ለመሃል ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይወጋና በሆዱ በኩል ያወጣዋል። ግራቡን እስከ መንጠቆው አንገት ድረስ ይገፋዋል። አፍንጫው እዚያ እጥፋት ላይ ሲያርፍ መንጠቆውን ያዞረዋል፣ ጫፉ ወደ ግራቡ ሆድ ይመለሳል።

አሁን ነው የፍርሃቱ ጥግ። ይለካል! ግራቡን አንጠልጥሎ፣ መንጠቆውን ጎኑ ላይ አጋድሞ፣ ጉብጠቱ የት ጋ እንደሚያርፍ ያያል፣ ቦታዋን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን ይላል። ከዚያ ግራቡን ትንሽ ሰብሰብ ያደርግና ጫፉን በዚያችው ነጥብ አስገብቶ ቀጥ አድርጎ በጀርባው ያወጣዋል። በቃ ጨረሰ ስትሉ ደግሞ የጀርባውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ የመንጠቆዋን ጫፍ ስስ ሽፋን ስር መልሶ ይቀብራታል። በጣታችሁ ብትዳስሱት አይወጋም። ግራቡን ጨመቅ ስታደርጉት ብቻ ብቅ ትላለች። የአረም ግንድ አይጨምቅም፣ የዓሣ አፍ ይጨምቃል። ተንኮሉ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ጊዜ የተረፈው መሆን አለበት። ጀግናችን ግን ሥራ አለው። ግራቡን እንደመጣለት ይሰካዋል፤ ትንሽ ወደ ግራ ቢንጋደድ፣ ወገቡ ላይ ቢጨማደድ ምን አባቱ! የተንጋደደ ግራብ ሲጎተት ጭራውን ከማርገብገብ ይልቅ ከነገላው ይሽከረከራል። ክሩም አብሮ ይገመዳል። ትንሽ ቆይቶ ክሩ ከሚጠቀለልበት ሪል ላይ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኖ ይፈነዳል። ጀግናችን ቁጭ ብሎ ይፈታዋል። ለመለካት ያልነበረው ጊዜ ለመፍታት ከየት እንደመጣ እንዳትጠይቁት፣ ደስ አይለውም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ አላወቁም እንል ነበር። ኒክ ክሬም የተባለ አሜሪካዊ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ ለስላሳ የፕላስቲክ ትል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። መንጠቆውን ፕላስቲኩ ውስጥ የመደበቁ ዘዴም ስሙን ከቴክሳስ ወስዶ እስከ ዛሬ ቴክሳስ ሪግ ይባላል። ትል ላይ የሚሠራው ግራብም ላይ ይሠራል። እንግዲህ አያቶቻችን በወጣትነታቸው ሊማሩት ይችሉ የነበረውን ነገር ዛሬም አልማርም ብሎ መጽናት ቀላል አቋም አይደለም።

ምክንያት የላቸውም ደግሞ እንዳትሉ። «መንጠቆው ከተደበቀ ዓሣው ያመልጣል» ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፣ አልክድም። አረም በሌለበት፣ አሸዋና ጠጠር ብቻ በሆነ ውሃ ላይ ክፍት መንጠቆ ቶሎ ይይዛል፣ እዚያ መደበቅ ትርፍ ሥራ ነው። ግን ጀግናችን የሚወረውረው እዚያ አይደለማ! ደግሞስ ተደብቆ የሚያመልጠው ለምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ለቀጭን ትል የሚሆን ጠባብ መንጠቆ ለግራብ ስለሚጠቀሙ ነው። የግራብ ገላ ወፍራም ነው፤ ሲጨመቅ የሚሰበሰብበት ቦታ ከሌለው መንጠቆው አፍ ውስጥ ሆኖ እንኳ አይወጣም። ለዚህ ነው ፈሪዎቹ ሆደ ሰፊውን መንጠቆ፣ በመጠን ቁጥሩ 3/0 ምናምን የሚባለውን፣ እንደ ግራቡ ውፍረት የሚመርጡት። ዓሣው ሲነካም አይደናገጡም። የላላውን ክር ይሰበስባሉ፣ ክብደቱ ሲሰማቸው ዘንጉን ከምር ይስቡታል። መንጠቆው መጀመሪያ ፕላስቲኩን፣ ቀጥሎ አፉን መብሳት አለበትና።

ጀግናችን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለበትም። የሆነ ነገር ክሩን ነካ ካደረገ ይመነጭቃል። ዘንጉ ይጎብጣል። «ያዝኩ!» ብሎ ይጮኻል። ጎረቤት ያለው ሁሉ ዞር ይላል። ይጎትታል፣ ወዲያ የሚጎትት ግን የለም፤ ያ ነገር ንቅንቅ አይልም። ይህን ጊዜ ልምድ ያለው ሰው አረም ወይም የወደቀ ግንድ ነው ይላል፣ ጀግናችን ግን «ግዙፍ ነው፣ ታች ሄዶ ተኝቷል» ይላል። መጨረሻ ላይ ክሩ ጧ! ይላል። «አያችሁት? በጠሰኝ!»

የትልቅ አፉ ባስ የዓለም ክብረ ወሰን ከ10 ኪሎ ጥቂት ከፍ ይላል። ጆርጅ ፔሪ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ያዘው። ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ እ.ኤ.አ. በ2009 ቢዋ ሐይቅ ላይ በጥቂት ግራሞች በልጦት እንኳ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው ተብሎ ክብረ ወሰኑን ተጋሩት እንጂ ለብቻው አልወሰደውም። ምስኪን! የእኛ ጀግኖች ይህን ክብረ ወሰን በየሳምንቱ ይሰብሩታል። ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር አለመኖሩ ነው ችግሩ። የተበጠሰው ሁልጊዜ ትልቅ ነው፣ ትንሽ ዓሣ ክር በጥሶባቸው አያውቅም።

ለሐይቁ የሚያደርጉትን ውለታ ደግሞ ማን ይቆጥርላቸዋል? ሃይድሪላና ሚልፎይል የሚባሉት የውሃ አረሞች በቁራጭ የሚባዙ ናቸው። ትንሽ ቁራጭ ተገንጥላ ውሃው ይዟት ሄዶ ሌላ ቦታ ላይ ሥር ትሰዳለች። ጀግናችን በክፍት መንጠቆው ቀኑን ሙሉ እየገነጠለ በጀልባው ዙሪያ ይበትናል። ከዚያ በሚቀጥለው ወቅት መጥቶ «ይሄ አረም በዛ እኮ!» ብሎ ያማርራል። የዘራውን ያላወቀ ገበሬ እሱ ብቻ ነው።

የተበጠሰው ክር ታች ይቀራል። መንጠቆውም፣ እርሳሱም፣ ግራቡም። ውሃ ውስጥ የቀረ ትንሽ እርሳስ የውሃ ወፎች ከጠጠር ጋር ይውጡታል፣ ይመረዛሉም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ስዋን የሚባሉት ወፎች እየሞቱባት ትንንሾቹን የእርሳስ ክብደቶች ከልክላለች። ተንግስተን የሚባል ምትክ አለ፣ በተመሳሳይ ክብደት ከእርሳስ ያንሳል፣ ወፍም አይመርዝም፣ ብቻ ይወደዳል። ጀግናችንም ያሰላዋል፦ በየሦስት ውርወራው ለሚበጠስ ሰው ተንግስተን አያዋጣም። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ምንም አይወጣለትም።

የተቀደደውን ግራብማ ሳይበጠስም ይሰጠዋል። አፍንጫው ሲሰፋ፣ ጭራው ሲበላ፣ ነቅሎ ውሃው ውስጥ ወርወር። ጀልባው ላይ ከረጢት አለ፣ ኪስ አለ፣ ግን ዓሣው ምን ይብላ? ዓሣው ደግሞ ሞኝ ነው፣ ይውጠዋል። ፕላስቲክ ሆድ ውስጥ አይፈጭም። የዛሬ ዓመት ያንን ዓሣ የሚይዝ ሰው ሆዱን ሲከፍት የጀግናችንን ስጦታ ያገኘዋል።

ከእነዚህ መሃል የነቃ ሰው የለም ብዬ እንዳላሳጣቸው፣ ግማሽ መንገድ የመጡም አሉ። ቴክሳስ ሪግ አሠርቷቸው አንድ ሰው ያሳያቸዋል። ሁሉንም በሥርዓቱ ያደርጋሉ፣ መጨረሻ ላይ «ለማንኛውም» ብለው የመንጠቆዋን ጫፍ በደንብ አሾልከው ያስቀሯታል። ለማንኛውም! አረሙም ለማንኛውም ይይዛታል። ሌሎቹ ደግሞ መንጠቆዋን በደንብ ይቀብሩና እርሳሷን እንደላላች ይተዋታል። በስስ አረም ውስጥ ልክ ነው። በጥቅጥቁ ውስጥ ግን እርሳሷ በግንዱ በአንድ ጎን ታልፋለች፣ ግራቡ በሌላው ጎን ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ስቴኪኒ ነው። የስቴኪኒውን ጫፍ በእርሳሷ ቀዳዳ ከክሩ ጋር መሰካት፣ ጠበቅ ማድረግ፣ ትርፉን መስበር። ሰው ከምሳ በኋላ የሚጥለው እንጨት ይበቃል። «እኔ ስቴኪኒ ይዤ ሐይቅ ልወርድ?» ይላሉ። ክብር ትልቅ ነገር ነው።

በጣም የማደንቃቸው ግን ከተሸነፉ በኋላ ነው። ከጎናቸው አንድ ለጋ ጀማሪ፣ ዘንጉን በቅጡ መያዝ ያልቻለ ልጅ፣ የተደበቀ መንጠቆውን እዚያው አረም መሃል ይጥላል። ግራቡ በቅጠሎቹ መሃል ሹልክ ሹልክ እያለ ይመጣል፣ አንድ ክፍተት ላይ ሲደርስ ልጁ ቆም ያደርገዋል፣ ክሩ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይስባል፣ ደህና ባስ ያወጣል። ጀግናችን ሥራውን ትቶ ይጠጋል። ዓሣውን ያያል። አፉን ከፍቶ ያያል። መንጠቆው ፕላስቲኩን ሰንጥቆ ላይኛው መንጋጋ ላይ ተቸክሏል፤ ልጁ በፒንሳ ነቅሎ፣ ግራቡን አስተካክሎ፣ ጫፏን መልሶ ቆዳ ስር ሲቀብራት ቆሞ ይመለከታል። ሁሉንም አየ። ከዚያ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይጠይቃል፦

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

አረንጓዴ ነው ይለዋል ልጁ። ጀግናችን ሳጥኑን ይከፍታል፣ ሥር ድረስ ይፈትሻል፣ ያንኑ አረንጓዴ ያገኛል፣ ክብ ራስ ያለው ክፍት መንጠቆው ላይ ይሰካዋል፣ ልጁ ዓሣ ያወጣባት ቦታ ላይ አነጣጥሮ ይወረውራል።

«ያዝኩ!»