አስተማሪው ሰምቶ ያለፈው ቃል

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከፊቴ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ድምፁ ቀጭን ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ኳስ አይወድም። ጥፋቱ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ጥያቄ እንዲሠራ ጠራው። ገና ጠመኔ ሳያነሳ ከኋላ አንዱ «ሴታሴት!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አስተማሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለስ አድርጎ «ጸጥታ!» አለ። ከዚያ ልጁን «ቀጥል» አለው። ልጁ ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ፣ ቆመና አንድ ቁጥር እንኳ ሳይጽፍ ተመልሶ ተቀመጠ። መልሱን እንደሚያውቀው ሁላችንም እናውቃለን። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ እሱ ነበር።

ያን ዕለት ክፍሉ በሙሉ አንድ ነገር ተማረ። ያ ቃል አስተማሪ ፊት ቢባልም ምንም አያመጣም። ሳምንት ሳይሞላ ቃሉ ዴስኩ ላይ ተጽፎ አደረ። ቆይቶ ደብተሮቹ ሽንት ቤት ተጥለው ተገኙ። ቀጥሎ ዱላ መጣ። ዓመቱ ሳያልቅ ልጁ ቀረ። «የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ አስተማሪ አላስታውስም። እኛም አልጠየቅንም።

በትምህርት ቤት ስለሚደርስ ጉልበተኝነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዱላው ነው። የተፈነከተ ራስ፣ የተቀደደ ዩኒፎርም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ከአእምሮዬ ያልጠፋው ያቺ ቃልና የአስተማሪው «ቀጥል» ናቸው። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸውን፣ ትራንስጀንደር የሆኑትን (ፆታዬ ነው የሚሉት ሲወለዱ ከተሰጣቸው ፆታ የተለየባቸውን) ወይም እንደዚያ ናቸው ተብለው የሚጠረጠሩትን ተማሪዎች መጠበቅ የምንፈልግ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው እዚያች ቃል ላይ ነው። ቃሏ በታለፈች ቁጥር ቀጣዩ ነገር ይቀልላል።

«የሚጠረጠሩትን» ያልኩት አውቄ ነው። ያ ልጅ ማንን ይወድ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠላቶቹም አያውቁም ነበር። የሚያጠቃ ልጅ ማስረጃ አያስፈልገውም። አረማመድ ይበቃዋል፤ ድምፅ ይበቃዋል፤ የፀጉር አቆራረጥ ይበቃዋል። ስለዚህ «እኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ተማሪ የለም» የሚል ርዕሰ መምህር ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ አሉ፤ ዝም ያሉት ስለፈሩ ነው። ሁለተኛ፣ ባይኖሩ እንኳ በዚያ ቃል የሚደበደብ ልጅ አይጠፋም።

ስለ ጉልበተኝነት ጥናት ፈር የቀደደው ዳን ኦልቬዩስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ትውልዱ ስዊድን ነው፤ ብዙውን ሥራውን የሠራው ግን ኖርዌይ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1983 አገር አቀፍ ዘመቻ የጀመረችው ሦስት ልጆች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ ነበር። ኦልቬዩስ ጉልበተኝነትን ከተራ ጠብ የለየባቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ የሚጠቃው ደግሞ ራሱን መከላከል የሚችልበት አቅም የለውም።

ይህ ልዩነት የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስንት ጊዜ ነው ሁለት ልጆች ቢሮ ተጠርተው «በሉ ተጨባበጡ፣ ታረቁ» የተባሉት? እኩል አቅም ያላቸው ልጆች ሲጣሉ ዕርቅ መልካም ነው። እዚህ ግን አንዱ መቺ፣ ሌላው ተመቺ ነው። ተመቺው ምን በደለ ብሎ ነው የሚታረቀው? «ድምፄ ቀጭን በመሆኑ ይቅርታ» ሊል ነው? እጁን ዘርግቶ የጨበጠውን ልጅ ወጥቶ በር ላይ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ለማንም አይናገርም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል።

ዝም የተባለ ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ ሰው የጄሚ ናቦዝኒን ታሪክ ይመልከት። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያለው ናቦዝኒ የተማረው በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት፣ አሽላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በፍርድ ቤቱ መዝገብ እንደሰፈረው፣ ሰባተኛ ክፍል እያለ ሁለት ልጆች ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ጥለው የሚደፍሩት አስመሰሉ። 20 ያህል ተማሪዎች ቆመው እየሳቁ ያዩ ነበር። ሮጦ ለርዕሰ መምህሯ ሲነግር፣ ወንድ ልጆች ያው ወንድ ልጆች ናቸው፣ ማንነትህን እንዲህ በግልጽ ካሳየህ ደግሞ ይህን መጠበቅ አለብህ ተባለ። ወላጆቹ ደጋግመው ተመላለሱ። ቃል ይገባላቸዋል፤ የሚሆን ነገር የለም። በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሆዱ ውስጥ ደም እስኪፈስ ድረስ ተረገጠ። በመጨረሻ ትምህርቱን አቋርጦ ከተማዋን ለቀቀ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ናቦዝኒ እንደማንኛውም ተማሪ እኩል ጥበቃ ይገባው እንደነበር ወሰነ። ኃላፊዎቹ ተጠያቂ ሆነው ጉዳዩ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ በሆነ ካሳ ተዘጋ። ገንዘቡ ብዙ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ያ የሰባተኛ ክፍል ቀን ነው። ያኔ አንድ ሰው ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ፍርድ ቤት ባልደረሰ ነበር።

ስለ ቆመው የሳቁት 20 ልጆች ደግሞ ላንሳ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነበርኩና። የካናዳ ተመራማሪዎች በትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳዎች ካሜራና ድምፅ መቅጃ ተጠቅመው የሆነውን ሁሉ ቀርጸዋል። ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከጉልበተኝነቱ ድርጊቶች በ88 በመቶው ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ። ጣልቃ የገቡት ከአምስት አንዴ እንኳ በማይሞላው ጊዜ ነው። ሲገቡ ግን ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አሥር ሰከንድ! ልጆች ናቸው ይህን ያደረጉት፤ ሥልጣን የላቸው፣ ደመወዝ የላቸው።

ታዲያ አስተማሪው ለምን ዝም ይላል? ሁሌ ክፉ ሆኖ አይደለም። ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው። «ብናገር እነሱን ደግፈሃል እባላለሁ» ይላል። በብሪታኒያ ይህን ፍርሃት ሕግ ራሱ አምጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «አንቀጽ 28» የአካባቢ መስተዳድሮች የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን እንዳያስፋፉ ይከለክል ነበር። ሕጉ ስድብን አስቁሙ ማለትን አልከለከለም። አስተማሪዎቹ ግን የትኛው ንግግር እንደሚያስጠይቃቸው ስላልገባቸው አፋቸውን ዘጉ፤ ልጆቹም የሚሄዱበት አጡ። ስኮትላንድ በ2000፣ እንግሊዝና ዌልስ በ2003 ሕጉን ሰረዙት። በመካከል አንድ ሙሉ ትውልድ ትምህርቱን ጨርሷል።

እምነቴ አይፈቅድም ለሚሉ መምህራንም የምለው አለኝ፤ በአክብሮት ነው የምለው። እምነትዎን እንዲቀይሩ ማንም አልጠየቀዎትም። የተጠየቀው አደራዎን ነው። ወላጅ ልጁን በር ላይ ሲያስረክብዎት በሰላም ውሎ እንዲመለስ ነው። የአንድን ልጅ ሕይወት ሳይቀበሉም እንዳይመታ መቆም ይቻላል። በየትኛውም እምነት ልጅ ሲደበደብ ዞር ማለት ጽድቅ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ብዙ ትምህርት ቤቶች በቅን ልብ የሚሳሳቱበት ነገር ላይ እንድረስ። ልጁ ተመታ። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ጠራ። «ምን ሆኖ ነው?» አለ አባት። «ወንድ ይወዳል እያሉ ነው የሚመቱት» አለ የአስተዳደር ሠራተኛው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጁ ቤቱን አጣ። አንዳንዱ ይባረራል፤ አንዳንዱ ከትምህርት ቤቱ የባሰ ዱላ ቤት ይጠብቀዋል። ወላጅ ልጁ መመታቱን ማወቅ አለበት፤ ማን እንደመታውና ትምህርት ቤቱ ምን እንዳደረገም ማወቅ አለበት። ልጁ ማንን እንደሚወድ የመናገር መብት ግን የልጁ ብቻ ነው። ወላጅ ከመጠራቱ በፊት ልጁን ለብቻው አስቀምጦ «ቤት ምን ቢነገር ይሻልሃል? የምትፈራው ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ሕይወት ያተርፋል።

አማካሪዎችም ይጠንቀቁ። የዓለም ጤና ድርጅት የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ተመትቶ የመጣን ልጅ «አንተን እናስተካክልህ» ማለት ሁለተኛ ዱላ ነው። ትሬቨር ፕሮጀክት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ቢያንስ አንድ የሚቀበላቸው ትልቅ ሰው ያላቸው ኤልጂቢቲ (የተመሳሳይ ፆታ ወይም የሁለቱም ፆታ ፍቅር ያላቸውና ትራንስጀንደር የሆኑ) ወጣቶች ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረናል የማለታቸው ዕድል በ40 በመቶ ያነሰ ነበር። አንድ ሰው ብቻ! የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ልትሆን ትችላለች። የስፖርት አስተማሪው ሊሆን ይችላል።

ደንብ ደግሞ ስም ጠርቶ ይጻፍ። «ማንም ማንንም አይተናኮል» የሚለው ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የጉልበተኝነት ደንባቸው የፆታ ዝንባሌን በስም የጠቀሰ ትምህርት ቤቶች በሚበዙባቸው አካባቢዎች የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸው ተማሪዎች ራሳቸውን ለማጥፋት የሚያደርጉት ሙከራ ያነሰ ነበር። በስም ያልጠቀሱት ደንቦች ግን ይህ ልዩነት አልታየባቸውም። ምክንያቱ ይገባኛል። ስሙ ከተጻፈ አስተማሪው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ለሚጮህበት ወላጅ «ደንቡ ነው» ይላል፤ የግል አቋሙን ማስረዳት አይጠበቅበትም።

የእኛ የሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረውም። ክፉ ሰውም አልነበረም። ምን ማለት ይችል እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። «ይህ ቃል በዚህ ክፍል አይባልም። የተናገርከው ልጅ ከክፍል በኋላ ትጠብቀኛለህ። አንተ የኔ ልጅ፣ ጊዜህን ወስደህ ሥራ፤ እኛ እንጠብቃለን።» ትናንት ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩትና በስልኬ ሰዓት ለካሁት። አሥር ሰከንድ ገደማ ፈጀ።